የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ግንባታና የቴክኖሎጂ ሽግግር፦ ከደቡብ ኮሪያ የውል ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

አኅጽሮተ ጥናት

የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚነሡ አገሮች በአብዛኛው ሥራውን የሚጀምሩት በውጭ ቴክኖሎጂ ነው። ብዙዎቹ ከዚህ ግንኙነት ኤሌክትሪክ ብቻ ሲያገኙ፣ ጥቂቶች ግን ቴክኖሎጂውን ራሱን የራሳቸው ለማድረግ በቅተዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ ልዩነቱ ከምን እንደሚመነጭ ለመመርመር የደቡብ ኮሪያን ተሞክሮ ከመነሻው እስከ 2025 ድረስ ይከተላል። የጽሑፉ መከራከሪያ ይህ ነው፦ የሽግግሩን መጠን የሚወስነው በውል ውስጥ «የቴክኖሎጂ ሽግግር» የሚል አንቀጽ መስፈሩ ሳይሆን የሥራው ዋና ተቋራጭ ማን መሆኑ፣ የተቀባዩ አገር መሐንዲሶች በእውነተኛ ንድፍ ላይ መሥራታቸውና የተማሩትን የሚደግሙበት ተከታታይ ግንባታ መኖሩ ነው። ጽሑፉ በተጨማሪ የመጠቀም ፈቃድ ከባለቤትነት የተለየ መሆኑንና የቁጥጥር ብቃት በግዢ እንደማይገኝ ያሳያል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

አንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት አሥር ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ዘመናዊዎቹ ማመንጫዎች ለ60 ዓመታት እንዲሠሩ ታስበው ይነደፋሉ፤ አገልግሎታቸው ሲያበቃ ደግሞ የማፍረሱና የቦታው ማጽዳት ሥራ ሌሎች ዓመታትን ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ የግንባታ ውል የሚፈርም መንግሥት ገና ያልተወለዱ ዜጎችን ጭምር የሚያስር ግዴታ ይገባል። ከዚህ የተነሣ የውሉ ቅርጽ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይሆንም። ተቀባዩ አገር ለረጅም ዘመን የመለዋወጫ፣ የነዳጅና የባለሙያ ጥገኛ ሆኖ ይቀራል ወይስ ቀስ በቀስ ራሱን ይችላል የሚለው ጥያቄ በአመዛኙ የሚመለሰው በዚሁ ውል ነው።

ደቡብ ኮሪያ ለዚህ ጥናት የተመረጠችው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ጉዞዋን የጀመረችው ከጦርነት ማግሥት በድህነት ላይ ሳለች ነበር። ሁለተኛ፣ ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከፈረንሳይ አቅራቢዎች ጋር በልዩ ልዩ የውል ዓይነቶች ስለ ሠራች በአንድ አገር ውስጥ ውሎችን ለማነጻጸር ትመቻለች። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያ ማመንጫዋን ሥራ ካስጀመረች ከ31 ዓመታት በኋላ ራሷ ማመንጫ ወደ ውጭ ለመሸጥ በቅታለች።

2. የውል ዓይነቶችና የሚያስተላልፉት ዕውቀት

በዘርፉ የሚታዩትን ውሎች ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአራት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው «ተርንኪ» በመባል የሚታወቀው ሲሆን፣ አንድ የውጭ ተቋራጭ ከንድፍ እስከ ሙከራ ያለውን ሥራ በሙሉ ፈጽሞ የተጠናቀቀውን ማመንጫ ለገዢው ያስረክባል። ሁለተኛው ሥራው በክፍል ተከፋፍሎ ለየብቻ ውል የሚሰጥበት ነው፤ የኑክሌር ማብላያው (ሪአክተሩ) ለአንዱ፣ ተርባይኑ ለሌላው፣ የምህንድስናው አገልግሎት ለሦስተኛው ይሰጥና ገዢው አጠቃላይ ሥራውን ራሱ ይመራል። ሦስተኛው የአገር ውስጥ ድርጅት ዋና ተቋራጭ፣ የውጭው ኩባንያ ደግሞ ንዑስ ተቋራጭ የሚሆንበት ነው። አራተኛው የውጭው ድርጅት ማመንጫውን ራሱ ገንብቶ፣ ራሱ በባለቤትነት ይዞ፣ ራሱ እያንቀሳቀሰ ኤሌክትሪኩን የሚሸጥበት ነው።

የአራተኛው ዓይነት ጉልህ ምሳሌ የቱርክ አኩዩ ማመንጫ ነው። በ2010 በተፈረመው የሩሲያና የቱርክ ስምምነት መሠረት ማመንጫውን የሚገነባውና የሚይዘው የሩሲያ ወገን ሲሆን፣ ቱርክ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ የተወሰነውን በኪሎዋት ሰዓት በ12.35 የአሜሪካ ሳንቲም ለ15 ዓመታት ለመግዛት ተስማምታለች። እንዲህ ያለው ውል የገንዘብ ሸክሙን ከገዢው ትከሻ ያቃልላል። በአንጻሩ ግን የንድፍና የግንባታ ውሳኔዎች ዋና ባለቤት ሻጩ ስለሚሆን፣ ገዢው የሚማረው ሻጩ በፈቀደለት ልክ ብቻ ይሆናል።

3. የኮሪያ ጉዞ በሦስት ምዕራፍ

3.1 ዝግጅትና የተርንኪ ዘመን

ኮሪያ ከአሜሪካ ጋር የአቶሚክ ኃይል የትብብር ስምምነት የፈረመችው በ1956 ነው። በ1957 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ሆነች፤ በ1959 የአቶሚክ ኃይል ምርምር ተቋም አቋቋመች፤ በ1962 ደግሞ ከአሜሪካ የተገኘውን ትንሽ የምርምር ማብላያ ሥራ አስጀመረች። ይህ ማብላያ ኤሌክትሪክ አያመነጭም ነበር። ጥቅሙ መሐንዲሶችንና የፊዚክስ ባለሙያዎችን ማሠልጠኑ ላይ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ማመንጫ ንግድ ነክ አገልግሎት ሲጀምር አገሪቱ ከ15 ዓመታት በላይ የማብላያ ልምድ አካብታ ነበር።

587 ሜጋዋት አቅም የነበረው ቆሪ 1 በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በተርንኪ ውል ተገንብቶ በአፕሪል 1978 አገልግሎት ጀመረ። በ1983 አገልግሎት የጀመሩት ቆሪ 2 እና በከባድ ውሃ የሚሠራው የካናዳው ዎልሶንግ 1 በዚሁ ዓይነት ውል የተሠሩ ናቸው። በዚህ ምዕራፍ የኮሪያ ድርጅቶች ድርሻ በአመዛኙ በሲቪል ግንባታና በተከላ ሥራ የተወሰነ ነበር። የተገኘው ዕውቀትም ማመንጫን የማንቀሳቀስና የመጠገን እንጂ የመንደፍ አልነበረም።

3.2 ሥራውን የመምራት ዘመን

በ1980ዎቹ አገልግሎት የጀመሩት ቀጣዮቹ ስድስት ማመንጫዎች፣ ማለትም ቆሪ 3 እና 4፣ ዮንግዋንግ 1 እና 2፣ እንዲሁም በፈረንሳዩ ፍራማቶም የቀረቡት ኡልጂን 1 እና 2፣ በሁለተኛው ዓይነት ውል ተሠሩ። የኮሪያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ ለየክፍሉ የተለያየ ተቋራጭ መርጦ የፕሮጀክት አመራሩን ራሱ ያዘ።

የለውጡ ፍሬ ነገር የኃላፊነት መዛወር ነው። በተርንኪ ውል የመርሐ ግብር መዘግየትም ሆነ የአንዱ ክፍል ከሌላው ጋር አለመጣጣም የተቋራጩ ራስ ምታት ነው። ሥራው ሲከፋፈል ግን ይህ ሁሉ ወደ ገዢው ይዞራል። ገዢው የማብላያው ቱቦዎች ከተርባይኑ አዳራሽ ጋር የሚገናኙበትን ነጥብ ሳይቀር ማወቅና መወሰን ግዴታው ይሆናል። አደጋው ከፍ ያለ ቢሆንም የፕሮጀክት አመራር፣ የግዥና የጥራት ማረጋገጥ ዕውቀት የሚገኘው እንዲህ ባለው ግዴታ ውስጥ ነው።

በዚሁ ዘመን የሥራ ክፍፍል ያላቸው አገራዊ ድርጅቶች ተደራጁ። አንዱ የምህንድስና አገልግሎትን፣ ሌላው የከባድ መሣሪያዎች ምርትን፣ ሦስተኛው የነዳጅ ዝግጅትን፣ የምርምር ተቋሙ ደግሞ የማብላያ ሥርዓት ንድፍን እንዲይዙ ተደረገ። ስለዚህ ወደ አገር የሚገባው ዕውቀት ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚጠየቅበት አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

3.3 የጋራ ንድፍ ዘመን

ወሳኙ ምዕራፍ የተከፈተው በ1987 ለዮንግዋንግ 3 እና 4 በተፈረመው ውል ነው። በዚህ ውል የኮሪያ ድርጅቶች ዋና ተቋራጮች ሆኑ፤ የአሜሪካው ኮምበስቸን ኢንጂነሪንግ ለማብላያው፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ለተርባይኑ፣ ሳርጀንት ኤንድ ለንዲ ለምህንድስናው በንዑስ ተቋራጭነት ገቡ። ከግንባታው ውል ጎን ለጎን የአሥር ዓመት የቴክኖሎጂ ሽግግር ስምምነት ተፈረመ። የታቀደው ግብ በ1995 የቴክኖሎጂ ራስን የመቻል ደረጃን 95 በመቶ ማድረስ ነበር።

ሽግግሩ የተከናወነበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። የምርምር ተቋሙ መሐንዲሶች በኮነቲከት ግዛት ወደሚገኘው የኮምበስቸን ኢንጂነሪንግ ቢሮ ሄደው ከኩባንያው ባለሙያዎች ጋር ንድፉን በጋራ ሠሩ። ሥራው ለልምምድ የተሰጠ አልነበረም፤ 1,300 ሜጋዋት ገደማ ያመነጭ የነበረውን «ሲስተም 80» የተባለ ንድፍ ወደ 1,000 ሜጋዋት ዝቅ ማድረግ ይጠይቅ ነበር። መጠኑ ሲለወጥ የሙቀት ልውውጡ፣ የማቀዝቀዣ ውሃው ፍሰትና የደኅንነት ትንታኔው እንደ ገና መሰላት አለበት። አንድን ንድፍ ለመለወጥ የተገደደ መሐንዲስ ንድፉ ለምን እንዲያ እንደ ሆነ መረዳት ይኖርበታል። በወረቀትና በኮምፒውተር ፕሮግራም መልክ ከሚተላለፈው ሰነድ ባሻገር ያለው፣ በቃል የማይነገረው ዕውቀት የሚሻገረው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

ዮንግዋንግ 3 በ1995፣ ዮንግዋንግ 4 በ1996 አገልግሎት ጀመሩ። ከዚህ ንድፍ የተወለደው የኮሪያ ደረጃውን የጠበቀ ማመንጫ በ1998 እና በ1999 በኡልጂን 3 እና 4 ተግባራዊ ሆነ፤ ኋላም «ኦፒአር 1000» የሚል ስም ተሰጠው። በ1992 የተጀመረው የቀጣዩ ትውልድ ንድፍ፣ «ኤፒአር 1400»፣ በ2002 የአገሪቱን የንድፍ ማረጋገጫ አገኘ።

4. ሽግግሩን ያስቻሉ ሁኔታዎች

ሻጩ ይህን ያህል ዕውቀት ለመስጠት የተስማማው ለምንድን ነው? መልሱ በከፊል በገበያው ሁኔታ ውስጥ ይገኛል። በአሜሪካ ከ1978 በኋላ ለአሥርተ ዓመታት አዲስ የማመንጫ ትእዛዝ አልተሰጠም። በ1979 የስሪ ማይል አይላንድ፣ በ1986 የቼርኖቢል አደጋ ደረሱ። ሥራ የጠፋባቸው ኩባንያዎች በሚሻሙበት በዚያ ወቅት፣ ተከታታይ ግንባታ ያቀደ ገዢ ብርቱ የመደራደር አቅም ነበረው። ኮሪያም ይህን አቅም በዋጋ ቅናሽ ላይ ብቻ አላዋለችውም፤ የሽግግሩን ስፋት ዋነኛ የመምረጫ መስፈርት አደረገችው።

ይሁን እንጂ ምቹ ገበያ ብቻውን በቂ አይደለም። ሦስት የውስጥ ሁኔታዎች አብረው ነበሩ። አንደኛው አስቀድሞ የሠለጠነ የሰው ኃይል መኖሩ ነው፤ መቀበል የሚችል ሰው በሌለበት ሽግግር የሰነድ ክምችት ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው አንድን ንድፍ መርጦ መደጋገም ነው። ኮሪያ ከሦስት አገሮች ንድፍ ከገዛች በኋላ አብዛኛውን ግንባታዋን በአንድ የንድፍ መስመር ላይ አደረገች፤ የአንዱ ማመንጫ ስሕተት ለሚቀጥለው ትምህርት የሚሆነው ተመሳሳይ ንድፍ ሲደገም ነውና። ሦስተኛው የመንግሥት ፖሊሲ ጽናት ነው፤ ዕቅዱ ከአንድ መንግሥት ዕድሜ በላይ ዘልቋል።

5. የሽግግሩ ወሰን፦ ፈቃድና ባለቤትነት

የ95 በመቶው ግብ የቀረውን 5 በመቶ ምንነት እንድንጠይቅ ያስገድዳል። ኮሪያ ለረጅም ጊዜ ያላገኘቻቸው የማብላያው ማቀዝቀዣ ፓምፕ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ዲጂታል ሥርዓትና ለማብላያው እምብርት ንድፍ የሚያገለግሉ የስሌት ፕሮግራሞች ነበሩ። እነዚህ በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም ያለ እነርሱ ማመንጫውን ለሌላ መሸጥ የማይቻልባቸው ክፍሎች ናቸው። ከረጅም የአገር ውስጥ ምርምር በኋላ የራሷን ፓምፕና የመቆጣጠሪያ ሥርዓት የተከለችው በ2022 አገልግሎት በጀመረው በሺን ሃኑል 1 ነው። ስለዚህ በመቶኛ የሚገለጽ የሽግግር ግብ በራሱ አሳሳች ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር የቀረው ክፍል ብዛት ሳይሆን በእጁ የያዘው ወገን የሚኖረው ሥልጣን ነው።

ሌላው ወሰን ሕጋዊ ነው። ኮምበስቸን ኢንጂነሪንግ በስዊድንና በስዊዘርላንዱ ኤቢቢ ተገዛ፤ የኤቢቢ የኑክሌር ዘርፍ ደግሞ በ2000 ወደ ዌስቲንግሃውስ ተጠቃለለ። በዚህ ምክንያት በ1987 የተገኘው ፈቃድ ባለመብት የኮሪያ ተፎካካሪ የሆነ ኩባንያ ሆኖ ተገኘ። ዌስቲንግሃውስ በኦክቶበር 2022 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ መሥርቶ፣ የኮሪያው ንድፍ የእርሱን ቴክኖሎጂ ስለሚይዝ ወደ ውጭ ለመላክ የአሜሪካ ፈቃድ ያስፈልገዋል ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 2023 ከሳሽ በዚያ ሕግ ክስ የመመሥረት መብት የለውም በማለት መዝገቡን ዘጋ። ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ ወገኖቹ ስምምነት ላይ መድረሳቸውን ያስታወቁት በጃንዋሪ 2025 ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በአገር ውስጥ የመጠቀም መብት፣ ንድፉን የማሻሻል መብትና ለሦስተኛ አገር የመሸጥ መብት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውል ሲረቀቅ ሦስቱ ለየብቻ ካልተጻፉ፣ አሻሚው ቃል ከ35 ዓመት በኋላም ቢሆን ወደ ክርክር ይመራል። ከዚህም በላይ ፈቃድ ሰጪው ኩባንያ ሲሸጥ ወይም ሲዋሐድ የተቀባዩ መብት ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ይኖርበታል።

6. በግዢ የማይገኘው ክፍል፦ ቁጥጥር

በግንባታ የተገኘው ስኬት በቁጥጥር መስክ የነበረውን ድክመት አልሸፈነም። በፌብሩዋሪ 2012 በቆሪ 1 በጥገና ወቅት ለ12 ደቂቃ ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ ተቋረጠ፤ የአደጋ ጊዜ ጄኔሬተሩም አልተነሣም። ክስተቱ ለተቆጣጣሪው ሳይነገር ከአንድ ወር በላይ ተደበቀ። በዚያው ዓመትና በ2013 ደግሞ ለማመንጫዎች የቀረቡ ዕቃዎች የጥራት ማረጋገጫ ሰነዶች ሐሰተኛ ሆነው ተገኙ። ጉዳዩ የደኅንነት መቆጣጠሪያ ኬብሎችን ጭምር ስለ ነካ በርካታ ማመንጫዎች ሥራ እንዲያቆሙ ተደረገ፤ ብዙ ሰዎችም ተከሰሱ።

የአገር ውስጥ ምርትን ድርሻ ከፍ ማድረግ የራሱ አደጋ እንዳለው ይህ ክስተት ያስረዳል። ገዢው፣ አምራቹ፣ ፈታሹና መሐንዲሱ ከአንድ ትንሽ ማኅበረሰብ ሲወጡ ጥያቄ የሚያነሣ የውጭ ዓይን ይጠፋል። ለብቻው የቆመው የኮሪያ የኑክሌር ደኅንነት ኮሚሽን የተቋቋመው በኦክቶበር 2011፣ ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ ከጀመረ 33 ዓመታት አልፈው ነበር። ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይገባው እንደ ነበር መናገር ይቻላል።

7. ከተቀባይነት ወደ አቅራቢነት፦ ባራካ

በዲሴምበር 2009 በኮሪያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ የሚመራው ማኅበር በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ አራት «ኤፒአር 1400» ማመንጫዎችን በ20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመገንባት ተመረጠ። በአቡ ዳቢ ግዛት የሚገኘው የባራካ ማመንጫ የመጀመሪያ ክፍል በአፕሪል 2021፣ አራተኛው በሴፕቴምበር 2024 ንግድ ነክ አገልግሎት ጀመሩ። አጠቃላይ አቅሙ 5,600 ሜጋዋት ሲሆን ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ሩብ ያህሉን ይሸፍናል።

ኤምሬትስ የተከተለችው መንገድ ከኮሪያ ይለያል። ንድፉን የራሷ ለማድረግ አልጣረችም። ጥረቷን በሁለት ነገሮች ላይ አደረገች፤ የቁጥጥር ባለሥልጣኗን በ2009 ከግንባታው በፊት አቋቋመች፤ የማንቀሳቀሱንም ብቃት በአገር ውስጥ ለመገንባት ተነሣች። ዩራኒየም እንደማታበለጽግና ያገለገለ ነዳጅን እንደማታጣራም በስምምነት አረጋገጠች። ሆኖም የመጀመሪያው ክፍል ከታቀደለት ከ2017 ዘግይቶ የጀመረበት አንዱ ምክንያት፣ ፕሮጀክቱ እንዳስታወቀው፣ የአንቀሳቃሽ ሠራተኞችን ብቃት ለማጠናከር ተጨማሪ ጊዜ በማስፈለጉ ነው። ሕንፃው ተጠናቅቆ ሰው የተጠበቀበት ሁኔታ ነበር ማለት ነው። ገንዘብ ችግር ያልሆነባት አገር እንኳ የሠለጠነን ሰው ጊዜ በገንዘብ ልታሳጥር አልቻለችም።

8. ለኢትዮጵያ የሚነሡ ጥያቄዎች

ኢትዮጵያና ሩሲያ በሴፕቴምበር 2025 በሞስኮ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ግንባታን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርመዋል። ከዚህ አንጻር ከላይ የቀረበው ታሪክ ለአገራችን ተመራማሪዎች ቢያንስ አራት የጥናት ጥያቄዎችን ያስነሣል።

የመጀመሪያው የመጠን ጥያቄ ነው። አንድ ማመንጫ ክፍል በድንገት ሲቋረጥ መላው የኤሌክትሪክ መረብ እንዳይናጋ፣ የአንዱ ክፍል አቅም ከመረቡ አቅም 10 በመቶ ገደማ እንዳይበልጥ ይመከራል። በዚህ መለኪያ 1,200 ሜጋዋት ያለው አንድ ክፍል 12,000 ሜጋዋት ያህል መረብ ይሻል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት መሆኑን ስናስብ የማብላያ መጠን ምርጫ ከማስተላለፊያ መስመር ዕቅድ ተነጥሎ የሚታይ አለመሆኑን እንረዳለን።

ሁለተኛው ግቡን የመለየት ጥያቄ ነው። እንደ ኮሪያ ንድፍን መውረስ ነው የሚፈለገው ወይስ እንደ ኤምሬትስ በአስተማማኝ ሁኔታ ማንቀሳቀስ? የመጀመሪያው ተከታታይ ግንባታንና ሰፊ የከባድ ኢንዱስትሪ መሠረትን ይጠይቃል፤ አንድ ወይም ሁለት ክፍሎች ብቻ ለሚገነባ አገር ሁለተኛው የበለጠ ተጨባጭ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው የድርድር ጥያቄ ነው፤ የመጠቀም፣ የማሻሻልና የማስተላለፍ መብቶች፣ የነዳጅ አቅርቦት አማራጭና ያገለገለ ነዳጅ መጨረሻ በውሉ እንዴት ይጻፋሉ? አራተኛው የተቋም ጥያቄ ነው፤ ሻጩን «አይሆንም» ብሎ ሥራ ማስቆም የሚችል ተቆጣጣሪ ከውሉ ፊርማ በፊት እንዴት ይገነባል? የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ለጀማሪ አገሮች ያወጣው መመሪያ 19 የመሠረተ ልማት ጉዳዮችን በሦስት ምዕራፍ ከፍሎ ማቅረቡ፣ ግንባታው ራሱ ከሥራው አንዱ ክፍል ብቻ መሆኑን ያመለክታል።

9. ማጠቃለያ

የደቡብ ኮሪያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የፈጣን ስኬት ታሪክ ሆኖ ይነገራል። በዚህ ጽሑፍ እንደ ታየው ግን ከመጀመሪያው የምርምር ማብላያ እስከ መጀመሪያው የውጭ ሽያጭ 47 ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያም በኋላ የባለቤትነት ክርክር ቀጥሏል። በየምዕራፉ ዕውቀት የተገኘው ኃላፊነት ወደ ተቀባዩ በተዛወረ መጠን ነው፤ ኃላፊነት ባልተዛወረበት ጊዜ የተገኘው የተጠናቀቀ ማመንጫ ብቻ ነበር። ስለዚህ የዓለም አቀፍ ትብብር ውሎችን የሚመረምር ተመራማሪ በቅድሚያ ሊያነሣ የሚገባው ጥያቄ ሻጩ ምን ያህል ለመስጠት ቃል እንደ ገባ አይደለም። ይበልጥ የሚጠቅመው፣ ሥራው ሲሰናከል ወይም ስሕተት ሲገኝ የሚጠየቀውና ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ያለበት የውሉ ገጽ ዕውቀቱ በማን እጅ እንደሚቀርም ያሳያል።